ጥድ አፍንጫ እንጂ ደረት አይከፍትም

መርፌ ስትናደድ እጇ ይፈጥናል። አፏማ ሁልጊዜም ፈጣን ነው፤ እሱ የንዴት ምልክት አይደለም። ያን ዓርብ ጠዋት ጓሮ ቁጭ ብላ የጥድ ቅርንጫፍ ስትከትፍ ግን ቢላዋው መክተፊያውን ሲመታ ድምፁ አጥር ዘሎ ልብስ ሰፊዋ ቤት ይገባ ነበር።

"ማንን እየገደልሽ ነው በጠዋቱ?" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ አንገቷን ከአጥሩ በላይ ብቅ አድርጋ።

"ወንድሜን።"

"በርቺ። እጅሽ ከሞቀ አይቀር የኔንም ባል ጎራ በይበት።"

መርፌ ሳትወድ በግዷ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ ደልደል ያለች፣ በጥርሷ መሀል ስፒል ነክሳ እንኳ መሳቅ የምትችል ሴት ናት። የአጥሩ እንጨት ገና ተተክሎ ሳያልቅ ጀምሮ ጎረቤት ናቸው። መርፌ "እትዬ" ነው የምትላት።

መርፌ የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ምላሷ ስለሚወጋ ነው ይላል። እናታቸው ግን የጥድ ቅጠል መርፌ ስለሚመስል፣ ልጅቱም ከጥድ ሥር ስለማትጠፋ ነው እያለች ታለሳልሰው ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

ቤቱ የጥድ ቤት ነው። እናትየዋ በሕይወት ሳለች ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ የተጣለ ቅርንጫፍ፣ ከግንድ ላይ የተፋቀ ሙጫ እያመጣች ቤተሰቡን በዚያ አሳደገች። ሙጫውን ከሰምና ከዘይት ጋር አቅልጣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ለሻከረ እጅ ቅባት ታወጣለታለች። ከቅጠሉ በእንፋሎት ዘይት አውጥታ የደከመ ወገብ ታሽበታለች። እንቅልፍ እምቢ ላለው የደረቀውን ቅጠል በከረጢት ሰፍታ ትራሱ ውስጥ ትከትለታለች። ጉንፋን አፍንጫውን የደፈነበት ሲመጣ ደግሞ ቅጠሉን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ፎጣ አከናንባ ታጥነዋለች።

ከፎጣው ሥር ግን ማንንም ዝም ብላ አታስገባም። ሰውየውን ታዞረውና ጆሮዋን በትከሻዎቹ መሀል ለጥፋ "እስቲ ተንፍስ" ትለዋለች። ደረቱ ካላፏጨ ወደ ፎጣው። ካፏጨ፣ የፈለገው ባለሥልጣን ይሁን፣ ጓሮ አውጥታ እግሩን ብቻ በጥድ ውሃ ትዘፈዝፍለታለች። "ጥድ አፍንጫ ይከፍታል እንጂ ደረት አይከፍትም" ትላለች። "የተቆጣ ደረት ጠንካራ ሽታ ሲመጣበት ጭራሽ በሩን ይዘጋል። ያፏጨ ሰው ደረቱን ለሐኪም ይውሰድ፤ ለኔ እግሩን ያምጣ።" ሰው ይስቅባት ነበር። እግሩን ግን ያመጣል።

እሷ ስትሞት ጆሮዋን የወረሰች መርፌ ናት። ወንድሟ ደግሞ የፊቱን ክፍል ወረሰ። ቀለም ቀባው፣ መደርደሪያ መታበት፣ የጥዱን ዘይት በትንንሽ ጠርሙስ ሞልቶ ደረደረ፣ ራሱንም ሥራ አስኪያጅ ብሎ ሾመ። የሚያስኬዳት ሠራተኛ እህቱ ብቻ ናት። በሩ ላይ ልብስ ሰፊዋ በአረንጓዴ ክር የጠለፈችው ሰፊ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ "በጥድ ትንፋሽ አስምን ደህና ሰንብት ይበሉት" ይላል።

ጨርቁ የተሰቀለ ዕለት መርፌ ከበሩ ፊት ቆማ አንብባ ስትጨርስ ደሟ ፈላ።

"ጋሼ፣ ይሄ ጠርሙስ ጆሮ አለው?" አለችው። "የገዛውን ሰው ጀርባ ማን ያዳምጥለታል?"

"ሰው የሚፈልገው ትንፋሽ ነው። አንቺ እግሩን ታጥቢዋለሽ። በእግሩ የሚተነፍስ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

መልሱ አስቂኝ ስለነበር ይበልጥ አናደዳት። የሚያስቅ ሰው ሲሳሳት ማንም አያርመውም።

ወንድሟ ደግሞ እንዲያው በባዶ ሜዳ አይደለም የሚመካው። ምስክር አለው፤ ምስክሩ አባታቸው ነው። አባትየው ዕድሜውን ሙሉ በማርሽ ባንድ ከፊት እየሄደ ጥሩንባ የነፋ ሰው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ "አባባ ጥሩንባ" ነው የሚለው። አስሙ ሲጠናበት ጥሩንባውን ሳጥኑ ውስጥ ከቶ ዘጋው፤ ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ እንደ ተረሳ ዕቃ ጥግ ይዞ መቀመጥ ሆነ። ሚስቱ ከሞተች በኋላማ ጭራሽ። ከዕለታት አንድ ቀን ልጁ ለምኖት ለምኖት ከፎጣው ሥር ገባ፤ ወጣ፤ ሳጥኑን ከፈተ፤ ተነሥቶ ነፋ። ወንድሟ ጠርሙሶቹ መሀል ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ክፍሉ በሰው ይሞላል። አባባ ጥሩንባ የባንዱን ኮፍያ አጥልቆ ከፎጣው ሥር ይታጠናል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ከዚያ አንድ ማርሽ ከዳር እስከ ዳር ይወጣዋል። ሰው ያጨበጭባል። ጠርሙሱ ከመደርደሪያው ያልቃል።

መርፌ ይህን ስታይ መከፋት አልነበረባትም። አባቷ ተነሥቷል። ግን አንድ ነገር ይከነክናታል፤ እናቷ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

"እትዬ" አለች አሁን፣ ቢላዋውን አስቀምጣ። "ነገ ፎጣ ሥር ትገቢያለሽ ብሎ ሲያወራ ሰማሁት።"

"ማን፣ ሥራ አስኪያጁ? አዎ፣ ከአባባ ቀጥሎ አንቺ ነሽ ብሎኛል። ቀሚስ ሁሉ ሰፍቻለሁ።"

"አንቺ አስም አለብሽ።"

"ነበረብሽ በይ። ፓፉን እኮ ተውኩት፤ ከተውኩት ሰነበትኩ።"

ፓፍ የምትለው ያቺን ሰማያዊ ቱቦ ነው፤ አፍ ውስጥ ሰክተው ሲጫኗት መድኃኒት የምትነፋዋን። መርፌ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

"ዙሪ።"

"ምን?"

"ጀርባሽን ወደ አጥሩ አድርጊ። ዙሪ አልኩሽ።"

ልብስ ሰፊዋ እየሳቀች ዞረች። መርፌ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ ጆሮዋን ሰፊው ጀርባ ላይ ለጠፈች። ውስጡ ክዳኑ እንዳልገጠመ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል።

"ይሰማሻል?"

"የስፌት መኪናዬ ነው፤ ዘይት ጠምቶት ነው የሚጮኸው።"

"መኪናሽ ቤት ውስጥ ነው እትዬ። ይሄ ደረትሽ ነው። ማን ተዪው አለሽ? ጨርቁን ራስሽ ጠልፈሽ ራስሽ አምነሽው?"

"ኧረ ጨርቁን ማን ያምናል! ወንድምሽንም አላመንኩም፤ እሱ ሲያወራ እኮ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ነው።" ልብስ ሰፊዋ ወደ እሷ ዞረች፤ አሁን አትስቅም። "አባትሽን ነው ያመንኩት። ያ ሽማግሌ ደረጃ መውጣት አቅቶት አውቀዋለሁ። ሲነፋ ደግሞ በእነዚህ ዓይኖቼ አየሁት። እኔስ ሰው አይደለሁም? እኔስ አንድ ቀን ሳልፈራ መሳቅ አያምረኝም?"

መርፌ ተመልሳ ቢላዋውን አነሣች፤ ከበፊቱ ይበልጥ ፈጥና መክተፍ ያዘች።

*

ከሰዓት አባቷን እንደ ልማዷ ወገቡን ልታሸው ገባች። አልጋው ጠርዝ ላይ ሸሚዙን አውልቆ ተቀመጠላት። ዘይቱን መዳፏ ላይ አሙቃ ከወገቡ ጀመረች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ የጥሩንባው ሳጥን። ትከሻው ጋ ስትደርስ እጇን አቆመችና ጆሮዋን ለጠፈች።

"ምን ትሠሪያለሽ?"

"ተንፍስ።"

"እንደ እናትሽ ሆንሽብኝ ደግሞ።"

"ተንፍስ አባዬ።"

ተነፈሰ። ያፏጫል። በልጅነቷ አልጋዋ ላይ ሆና በግድግዳው በኩል ትሰማው የነበረው ያው ፉጨት፣ ምንም ሳይቀንስ እዚያው አለ።

"እርጅና ነው" አለ አባቷ ቶሎ ብሎ። "አሮጌ በርም ያፏጫል።"

መርፌ እጇን ጠረገች። ከዚያ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ የጥሩንባውን ሳጥን ከፈተችው። ጥሩንባው በቀዩ የከፈይ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። የመወልወያ ጨርቁን አነሣችው። ከሥሩ ሰማያዊዋ ቱቦ ተኝታለች፤ አፏ በአጠቃቀም ብዛት የተላጠ።

መንገድ ላይ አንድ መኪና ጥሩንባውን ነፍቶ አለፈ።

"አትጩሂ" አለ አባቷ።

"መቼ ጮህኩ?"

"ልትጮሂ ነው። አውቅሻለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው አባዬ?"

ሸሚዙን ሳብ አድርጎ ለበሰ፤ ቁልፎቹን አዛብቶ ቆለፋቸው። "መቼ ተውኩት ብዬ ነው ከመቼ የምትዪኝ? ያን ቀንም እንደ ሌላው ቀን ሽንት ቤት ገብቼ ወስጄው ነበር። ከዚያ ወንድምሽ ፎጣውን ይዞ መጣ። ደስ ይበለው ብዬ ገባሁለት። ትንፋሼ ከፈት ብሎ ስለነበር፣ እስቲ ብዬ ነፋሁ። ከዚያ አለቀሰ።" ቀና ብሎ አያት። "እናቱ ስትቀበር ያላለቀሰ ልጅ እኮ ነው። 'እማዬ ይሄን ባየች' አለኝ። ምን ልበለው? አይደለም ልጄ፣ ቱቦዋ ናት ልበለው?"

"አዎ። እንደዚያ ልትለው ይገባህ ነበር።"

"ከዚያ ሰው መጣ። አጨበጨበ።"

"ልብስ ሰፊዋ አጨበጨበች። አጨብጭባ ቤቷ ገብታ ፓፏን ጣለች። ጀርባዋ እንዳንተው ያፏጫል፤ ነገ ልጅህ በእንፋሎት ሊያፍናት ነው። ይሄን ታውቃለህ?"

አባቷ ጥሩንባውን ነካ ነካ አደረገው። "እነግራታለሁ" አለ። "እኔ ራሴ እነግራታለሁ።"

መርፌ ግን ነገ የሚባል ነገር አታምንም። በቀጥታ ወደ አጥሩ ሄደች፤ ልብስ ሰፊዋን ጠራቻት፤ ያየችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ ግንባሯን ቋጠረች። አባትየው በዚያች ቅጽበት ሸሚዙን እንዳዛባ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ወንድሟም ከኋላው ባዶ ጠርሙስ የሞላበት ካርቶን ተሸክሞ ይመጣል።

"አባባ" አለች ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ፓፍ አሁንም ይወስዳሉ ትላለች ልጅዎ። እውነት ነው?"

ወንድሟ ባለበት ቆመ። ጠርሙሶቹ ተንኳኩ። አባትየው ልጁን አየ፣ ልብስ ሰፊዋን አየ፣ መርፌን ግን አላያትም። ከዚያ ሳቀ።

"አይ አንቺ" አለ። "መርፌን አታውቂያትም እንዴ? ካልወጋች አያድርባትም።"

ልብስ ሰፊዋም ሳቀች። እፎይ ያለች ሰው ሳቅ ነበር። ወንድሟም ሳቀ። ጓሮው ሙሉ በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ የማትስቅ መርፌ ብቻ ነበረች። በገዛ ስሟ ደበደቧት። ዕድሜዋን ሙሉ ለቀልድ፣ ለብሽሽቅ ስትወጋ ኖራ፣ ዛሬ እውነት ይዛ ስትመጣ ያው መርፌ ሆነች።

"ጋሼ፣ ና የጥሩንባውን ሳጥን ላሳይህ" ብላ ወንድሟን እጁን ይዛ ጎተተችው። የአባታቸው ክፍል ገቡ። ሳጥኑን ከፈተች፣ ጨርቁን አነሣች። ከሥሩ ቀዩ ከፈይ ብቻ ነበር።

ወንድሟ በረጅሙ ተነፈሰ። "ስሚ፣ እኔ ስትሰድቢኝ ችዬሻለሁ። ሥራ አስኪያጅ እያልሽ ስትቀልጂብኝ ስቄ አልፌሻለሁ። አባዬን ግን ተዪው። ዳነ እኮ። አባትሽ ዳነ። ይሄ ምኑ ነው የሚያንገበግብሽ?"

የሚያሳዝነው ከልቡ ነበር የሚናገረው። መርፌ ይሄን ስታይ ንዴቷ የሚያርፍበት ጠፋው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ወንድሟን ውሸታም ስትለው ኖራለች። ለካ የመጀመሪያው ተታላይ እሱ ነው።

*

ቅዳሜ ከሰዓት ክፍሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ወንድሟ ሰው መግባት ሳይጀምር ቀድሟት የሙጫውን ድስት እሳት ላይ ጥዶት ነበር።

"አንቺ ዛሬ ከጓዳ አትወጪም" አላት። "ምላስሽን ሙጫው ላይ አሳርፊው።"

ሙጫ እንደ ውሃ አይደለም። እሳት ላይ ጥለውት ከሄዱ ገንፍሎ ቤት ያቃጥላል፤ አውርደው ከተዉት ደግሞ ጨርቅ ላይ ሳለ ይደርቅና ከነጨርቁ ድንጋይ ይሆናል። በትኩሱ ነው የሚጠለለው፤ ጀምሮ ማቋረጥ የለም። ወንድሟም ይሄን ስለሚያውቅ ነው ያሠራት። መርፌ በገመድ ብትታሰር ይሻላት ነበር።

ልብስ ሰፊዋን ጠዋት በአጥሩ በኩል እንደገና ለምናታለች፤ መለመን ባታውቅበትም ለምናታለች። "ተዪኝ እስቲ መርፌዬ፣ አባትሽ እኮ ራሳቸው ነገሩኝ" ብላ አዲሱን ቀሚሷን እያስተካከለች ገባች። አባቷንም በር ላይ ይዛው ነበር። ኮፍያውን አጥልቆ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ "ዛሬ ከመንፋቴ በፊት እናገራለሁ" አላት። በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ አመነችው፤ ማመን ስለፈለገች።

አሁን ድስቱን እያማሰለች በግድግዳው በኩል ታዳምጣለች። የወንድሟ ድምፅ፤ ሰው ይስቃል። ጸጥታ፤ አባቷ ከፎጣው ሥር ነው። አሁን ይወጣል። አሁን ይናገራል። ሙጫው ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ፤ ድስቱን አወረደች፣ ጨርቁን በባልዲው አፍ ላይ ወጠረች፣ ማፍሰስ ጀመረች።

ጥሩንባው ጮኸ። ማርሹን ከነሙሉ ክብሩ ነፋው። ጭብጨባው ግድግዳውን አነቃነቀ።

አልተናገረም።

"አሁን ደግሞ" አለ የወንድሟ ድምፅ፣ "ሁላችሁም የምታውቋት ጎረቤታችን፣ ይህን ጨርቅ በእጇ የጠለፈችልን..."

መርፌ ድስቱን በእጇ እንደያዘች ለአንድ ትንፋሽ ቆመች። ግማሹ ጨርቁ ላይ፣ ግማሹ ድስቱ ውስጥ ነው። ከዚያ የሳምንቱን ሥራ መሬት ላይ አስቀምጣው ወጣች።

ሰዉን በክርኗ እየገፋች ፊት እስክትደርስ ልብስ ሰፊዋ ከፎጣው ሥር ገብታለች። ትከሻዋ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል፣ አይወርድም። መርፌ ጆሮዋን ማስጠጋት አላስፈለጋትም፤ ፉጨቱ የለም። እናቷ አንድ ጊዜ ሹክ ያለቻት ነገር ድንገት ትዝ አላት፦ "የሚያፏጨውን አትፍሪ። ማፏጨቱን ትቶ ትከሻው ብቻ የሚወጣውን ፍሪ።"

ፎጣውን መንጭቃ ጣለችው። ሳህኑን በእግሯ ገፋችው፤ የፈላው ውሃ ከነቅጠሉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ሰው እየዘለለ ሸሸ። የልብስ ሰፊዋ አፍ ተከፍቷል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ዓይኗ መርፌን ይፈልጋል። የሰፋችው ቀሚስ አንገቱ ጋ በእጇ ተቀዷል።

"አበድሽ?" አለ ወንድሟ። ከዚያ በዚያ ቤት ያደገ ሰው ብቻ የሚያደርገውን አደረገ፤ ከመደርደሪያው ጠርሙስ መንትፎ መሐረቡ ላይ ደፋና "አሽትቺ፣ አሽትቺ፣ ይከፍትልሻል" እያለ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋው። መርፌ እጁን በጥፊ መታችው። ጠርሙሱ ተሰበረ። ሽታው ክፍሉን ሞላው፣ ዓይን እስኪያስለቅስ።

"በሩን ክፈቱ! መስኮቱንም!" አለች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። ወንበሩ ላይ ጥሩንባውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ተቀምጧል።

"አባዬ፣ አውጣው።"

"ምኑን?" አለ ወንድሟ።

አላየችውም። "የት እንደደበቅከው አላውቅም። አንተ ታውቃለህ። አውጣው።"

አባባ ጥሩንባ ሰዉን አየ። ሁሉም እሱን ያያል። ልጁን አየ። እጁ ጥሩንባው ላይ ነበር፤ አልተነሣም። ቅጽበት ናት፤ ዓይን ጨፍኖ እስኪከፍት የማትሞላ። መርፌ ግን ያቺን ቅጽበት ዛሬም ድረስ ይቅር አላለቻትም። ሴትዮዋ እየሞተች ሰውዬው አሰበ።

ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። ገበሩን በጣቱ ገለጥ አደረገ። ሰማያዊዋ ቱቦ ከውስጡ ወጣች።

መርፌ ቱቦዋን ነጥቃ፣ ነቅንቃ፣ ልብስ ሰፊዋን ቀጥ አድርጋ አስቀምጣ በአፏ ሰካችላት። ተጫነች። "ሳቢ እትዬ። ያዢው። ልቀቂ። ደግሞ ሳቢ።" ጀርባዋ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ደጋግማ ሰጠቻት። ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚመጣ ቀጭን ፉጨት ተሰማት። መርፌ በፉጨት ስትደሰት ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

መኪና ያለው አንድ ደንበኛ ወደ ክሊኒክ ወሰዳቸው። ሌላው ሰው በየተራ፣ ምንም ሳይል፣ ያጨበጨበበትን እጁን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

*

ሲመሽ መርፌ ስትመለስ አባትና ልጅ የፊቱ ክፍል ውስጥ ተፋጠው ተቀምጠዋል። ወለሉን ማንም አልጠረገውም። ልብስ ሰፊዋ ለክፉ አልሰጣትም፤ ክሊኒክ ታድራለች። ይሄን ነገረቻቸውና ቱቦዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ወንድሟ አነሣት። አገላብጦ አያት። "ከመጀመሪያው ቀን?" አለ።

"ከመጀመሪያው ቀን" አለ አባቱ።

"እኔ እኮ አልቅሼ ነበር።"

"ለዚያ እኮ ነው ልጄ።"

መርፌ ያሸነፈች ሰው የሚሰማው ደስታ ይመጣል ብላ ጠበቀች። የመጣው ሌላ ዙር ንዴት ነው። "አንተም ጆሮ አለህ" አለችው ወንድሟን። "አንድ ቀን ጀርባው ላይ ብትለጥፈው ኖሮ ትሰማው ነበር። መስማት ስላልፈለግክ ነው። እሱ ደግሞ ጭብጨባ ስለፈለገ። እትዬ መሀላችሁ ገብታ ልትሞት።"

ጓዳ ገባች። ሙጫው ከነጨርቁ ደርቆ ባልዲው አፍ ላይ ድንጋይ ሆኗል። በመዶሻ ብትመታውም አልተሰነጠቀም፤ መታችው ግን፣ ደጋግማ፣ ክንዷ እስኪዝል።

ልብስ ሰፊዋ ከክሊኒክ የወጣች ዕለት ቤቷ እንኳ ሳትገባ መጣች። ትንሿን የስፌት መተርተሪያዋን ይዛለች። ጨርቁን ከበሩ ላይ አውርዳ ደፉ ላይ ተቀመጠችና አረንጓዴውን ክር ፊደል በፊደል መተርተር ያዘች። አባትየው ወጥቶ አጠገቧ ቆመ።

"ይቅር በይኝ" አላት።

"ጥሩንባዎ ደስ ይላል አባባ" አለች፣ ቀና ሳትል። "እኔ ግን አጨብጭቤ ልሞት ነበር።" ክሩን ሳብ አድርጋ በጠሰችው። "መርፌ፣ የቱ ላይ ላቁም?"

"አስምን ደህና ሰንብት ይበሉት የሚለውን ከነጭራሹ አውጪው። ትንፋሽንም አውጪው።"

"'በጥድ' ብቻ ይቀራል እኮ።"

ወንድሟ ከመደርደሪያው በኩል "በጥድ ምን?" አለ፣ ከዚህ በፊት ጠይቆ የማያውቅ ሰው ይመስል።

"እግር" አለች መርፌ። "ለጊዜው እግር።"

ልብስ ሰፊዋ ስትስቅ አሳላት፤ ከቀሚሷ ኪስ የራሷን ፓፍ አውጥታ ወሰደች፤ ሳቋን ከቆመበት ቀጠለች። መርፌ ግን አልሳቀችም። አባቷን አስዞረችውና ጆሮዋን ጀርባው ላይ ለጠፈች።

"ያፏጫል።"

"አውቃለሁ።"

"ለኔ አይደለም የምትነግረኝ። ቅዳሜ ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ለመጣው ሁሉ ትነግረዋለህ። ጠርሙስ ለገዛው ሁሉ። ፓፍህን በሰው ፊት ትወስዳለህ፤ ከዚያ ብትፈልግ ንፋ።"

"ኮፍያዬን ላድርግ?" አላት አባቷ።

"አድርገው" አለች መርፌ። "ባዶውን።"